ሁለተኛው ወንበር ስለማይነሳበት ምክንያት

መስከረም 4

ለሚመለከተው ሁሉ፦ ጣሪያ ላይ ካሉት ሁለት ወንበሮች ሁለተኛው ካለበት ቦታ እንደማይነሳ ዛሬ በጥብቅ ተወስኗል። ምክንያት፦ ከባድ ነው። ውሳኔው የተላለፈው በሙሉ ድምፅ ነው፤ በስብሰባው ላይ የተገኘሁት እኔ ብቻ ነበርኩ።

ጉዳዩን የቀሰቀሰችው ከታች ያለችው ልብስ ሰፊ ናት። ልብስ ልታሰጣ ወጥታ፣ "ጋሼ፣ ይህን ወንበር ማንም ካልተቀመጠበት ለደንበኞቼ ላውርደው?" አለችኝ።

"ከባድ ነው፤ ወገብሽን ትጎጂዋለሽ" አልኳት።

ወንበሩን አየች። እኔን አየች። "እሺ ጋሼ" ብላ ወረደች። ጨዋ ሴት ናት።

መስከረም 5፣ ማለዳ

የወፍ ወቅት ተከፍቷል። ከ12 ሰዓት እስከ 1 ተኩል ጣሪያ ላይ ተቀመጥኩ። የታዩ፦ ቁራ ሦስት፣ ርግብ ስፍር ቁጥር የሌለው፣ ባለጉዳይ የለችም።

ስለ ባለጉዳይ ማስረዳት ይገባል። ይህን ደብተር የሚያነብ ሰው የለም፤ ቢሆንም ሃያ ስድስት ዓመት ማተሚያ ቤት የሰው ጽሑፍ ሳርም ስለኖርኩ ለአንባቢ መጨነቅ ተጠናውቶኛል። ባለጉዳይ ደረቷ ቢጫ፣ ጭራዋ የማያርፍ ትንሽ ወፍ ናት። በየዓመቱ በዚህ ወር ብርዱን ሸሽታ ከሰሜን ትመጣና የውሃ ታንከራችን በሚያንጠባጥብበት ቦታ ታርፋለች። መጽሐፍ ላይ ረጅም ስም አላት። "ባለጉዳይ" ያለቻት የወፍ ተመልካቾች ማኅበራችን አባል የሆነችው አዋላጇ ናት። "እያት እስቲ! ፋይሏ እንደጠፋባት ሴት ቢሮ በር ላይ ወዲህ ወዲያ ስትል!" ብላ ሻይዋን እስክትደፋ ሳቀች። ስሙ ለማኅበራችን ቀርቦ ጸደቀ። ይኸው አሥራ አንድ ዓመቱ።

ያን ጊዜ ተቀምጣ የነበረው ሁለተኛው ወንበር ላይ ነው። ይህ ግን ከጉዳዩ ጋር ግንኙነት የለውም።

መስከረም 6

የታየች የለችም።

ማኅበራችን አራት አባላት፣ አንድ ማኅተምና ሃያ ሦስት አንቀጽ ያለው መተዳደሪያ ደንብ አለው። ለአንድ አባል ስድስት አንቀጽ ሊደርሰው ምንም አልቀረውም። ፕሬዚዳንታችን የጥርስ ሐኪም ናቸው። ሁለተኛው አባል ወደ ሐይቁ ከተማ የሚመላለሰው የአውቶብስ ሹፌር ነው። ጸሐፊው እኔ ነኝ፤ ማኅተሙም፣ ወፏ በየዓመቱ መጀመሪያ የታየችበት ቀን የሚጻፍበት የአሥራ ዘጠኝ ዓመት መዝገብም እኔ ዘንድ ነው። አንድም ስርዝ ድልዝ የለበትም።

አራተኛዋ አዋላጇ ናት። በሰኔ ወር የሐይቁ ከተማ ሆስፒታል ሰው አጥሮት ለአራት ወር በውሰት ወሰዳት። ከዚህ በአውቶብስ ግማሽ ቀን ነው፣ ወደ ሰሜን። መዝገቡ ላይ "የሩቅ አባል" ብዬ ጽፌያታለሁ። በጥሩ የእጅ ጽሑፍ።

መስከረም 8

ሥራ በዛ። የአንድ ድርጅት ዓመታዊ ሪፖርት፤ አራት መቶ ገጽ፣ ነጥብ የለ፣ ሰረዝ የለ። ጡረታ ልወጣ ሁለት ወር እንኳ አልቀረኝም፤ ያለ እኔ ይህ አገር በምን ይተነፍሳል?

ወፍ የለም። ከእሷም ምንም የለም። ከ"እሷ" ማለቴ ከወፏ።

መስከረም 9

አንቀጽ 7፦ "ወፏ መጀመሪያ በታየችበት ዕለት ጸሐፊው ለአባላት በሙሉ፣ ለሩቅ አባላትም ጭምር፣ በጽሑፍ ያሳውቃል፤ የሩቅ አባልም በጽሑፍ ይመልሳል።"

ዛሬ ደጋግሜ አነበብኩት። በጣም የታሰበበት አንቀጽ ነው። "ለሩቅ አባላትም ጭምር" የሚለውን ማን እንደጨመረው አላስታውስም። የተጨመረው ሐምሌ ላይ ነው። የጨመርኩት እኔ ነኝ።

ከጠዋቱ 12፡40 ታንከሩ አጠገብ አንድ ነገር ውልብ አለ። ቢጫ ሊሆን ይችላል። ቅጠልም ሊሆን ይችላል። በጊዜያዊነት መዘገብኳት፤ ጊዜያዊ ማለት ሁለተኛ ምስክር እስኪያያት ድረስ ማለት ነው። ከዚያ ደንቡ ስለሚያስገድደኝ ብቻ እንዲህ ስል ጻፍኩ፦

"ለተከበሩ የሩቅ አባል፦ ባለጉዳይ በዛሬው ዕለት መታየቷን እያሳወቅን፣ እርስዎም በጽሑፍ እንዲያረጋግጡልን፣ በዚሁ አጋጣሚም የጤናዎን ሁኔታ እንዲገልጹልን በአክብሮት እንጠይቃለን።"

ማኅተም። ፊርማ። "የጤናዎን ሁኔታ" የሚለውን ሦስት ጊዜ ሰረዝኩ፤ አራት ጊዜ መለስኩ።

መስከረም 10

መናኸሪያ ሄጄ ለሹፌሩ ሰጠሁት።

"ጋሼ፣ ለስልክ መልእክት ምን አነሰው?"

"ስልክ ለአስቸኳይ ጉዳይ ነው።"

"ወፍ አስቸኳይ አይደለችማ?"

"ደንቡ ስለዚህ ዝም ይላል።"

"ደንቡ ዝም ይላል፣ አንተ ዝም ትላለህ፣" አለና ፖስታውን ከጸሐይ መከላከያው ኋላ ሰካው። "ምን ዓይነት ማኅበር ውስጥ ነው የገባሁት?"

መስከረም 12

ፕሬዚዳንቱ ሁለተኛ ምስክር ሊሆኑ መጡ። ነጭ ካፖርታቸውን እንደለበሱ፣ በአንገታቸው አቅርቦ ማሳያ መነጽር፣ በኪሳቸው የጥርስ መመልከቻ መስታወት። ሁለተኛው ወንበር ላይ ሊቀመጡ ሲሉ የራሴን ለቀቅኩላቸውና ቆምኩ።

አርባ ደቂቃ ጠበቅን። ከዚያ በድንገት ክንዴን ጨመቁኝ። "ዝም በል! ያቻት! ከልብስ ማስጫው ላይ! ጭራዋን ስትነቀንቅ አየኋት!"

ዞሬ አየሁ። የልብስ ሰፊዋ የመለኪያ ሜትር ነው። ቢጫ ነው። ጫፉ በነፋስ ይነቃነቃል።

"አየሃት?" አሉኝ። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት አንድ ጊዜ እንኳ መጀመሪያ ያዩት እሳቸው ሆነው አያውቁም።

እኔም "ክቡር ፕሬዚዳንት፣ ዓይንዎ ጥሩ ነው" አልኩ።

አሁን መዝገቡ "ጸድቋል" ይላል። በታሪካችን ከሁሉ የቀደመች ባለጉዳይ። አንድ ውሸት ብቻዋን ስትሆን ታፍራለች፤ ጓደኛ ስታገኝ ግን ማኅተም ትጠይቃለች።

መስከረም 15

መልስ መጣ። በክትባት ካርድ ጀርባ ላይ ነው የጻፈችው። ሙሉውን እገለብጠዋለሁ፤ ለመዝገብ እንዲሆን።

"አንተ! 'እርስዎ' የሚለውን ሳነብ ከኋላዬ ማን ቆሟል ብዬ ዞርኩ። አሥራ አንድ ዓመት ከአንድ ፔርሙዝ ሻይ ጠጥተን ዛሬ ነው የተከበርኩት? ጤናዬ ደህና ነው፤ ጉልበቴን ብቻ። እኔ በየማለዳው ከሥራ በፊት ሐይቁ ዳር እወርዳለሁ። ወፎቹ የሚመጡት ከሰሜን ነው፤ እዚህ ሳይረግጡ እዚያ አይደርሱም። እስከ ዛሬ አንዲትም አላለፈችም። ያንተዋ በማን መኪና ተሳፍራ ነው የመጣችው? ስለዚህ አላረጋግጥም።

ሌላ፦ ሆስፒታሉ በቋሚነት እንቅጠርሽ ብሎኛል። ለሁለት ዓመት ፈርሚ ነው የሚሉት። እስከ ጥቅምት 15 መልስ ስጪ ተብያለሁ። ማኅበሩ ምን ይላል?"

በውሰት የሄደ ዕቃ ባለቤቱ ካልጠየቀ እዚያው ይቀራል ይላሉ። ማን እንደሚል አላውቅም። ዛሬ እኔ አልኩት።

መስከረም 16

"ማኅበሩ ምን ይላል?"

ሥራ ላይ ሦስት ገጽ አርሜ አንድም ስህተት አላገኘሁም። አለቃዬ አራት አገኘ።

መስከረም 17

ሌሊቱን ከባድ ነፋስ ነበር። ሁለተኛው ወንበር በርሮ ከልብስ ሰፊዋ ገመድ ጋር ተጠላልፎ ተገኘ። እሷም በአንድ ጣቷ አንጠልጥላ ወደ ቦታው መለሰችልኝና፣ "ጋሼ፣ ከባዱን ወንበርዎን ይጠብቁት" አለችኝ።

ነፋሱ በጣም ከባድ እንደነበር ተመዝግቧል።

መስከረም 19

ለመልስ ተቀመጥኩ። እንዲህ ወጣልኝ፦ "ማኅበሩ ጉዳዩን በጥሞና ተመልክቶ ውሳኔውን ለአባሏ መተዉን..." ቀደድኩት።

እውነቱን ከጻፍኩ አይቀር ልጻፈው። በሰኔ ስትሄድ መናኸሪያ ድረስ ሸኘኋት። ሻንጣዋን በእጇ እንደያዘች፣ "እንግዲህ ልሄድ ነው። ምን ትላለህ?" አለችኝ። እኔ ሌሊቱን ሁሉ ምን እንደምል ሳስብ ነው ያደርኩት። አፌን ከፈትኩ። ከዚያ እጄ ኪሴ ገባና ደብዳቤ አወጣ። "ማኅበሩ እስከ ዛሬ ላበረከቱት አስተዋጽኦ እያመሰገነ መልካም ጉዞ ይመኛል" የሚል። ሁለት ጊዜ አነበበችው። "ማኅተሙ ደምቋል" አለችና ተሳፈረች።

እውነት ነው፤ ደምቆ ነበር። አዲስ ቀለም ጨምሬበት ነበር።

መስከረም 20

ደወልኩላት። አነሳች። "ይቅርታ፣ ተሳስቻለሁ" ብዬ ዘጋሁ።

ወዲያው መልሳ ደወለች። ስልኩን ትራስ ሥር ከተትኩት። የስድሳ ዓመት ሰው ነኝ።

መስከረም 22

ሹፌሩ ዛሬ ከእሷ ብጣሽ ወረቀት አመጣ። "ዛሬ ጠዋት ሐይቁ ዳር አሥራ አንድ ባለጉዳዮች አረፉ። የመጀመሪያዎቹ ናቸው፤ እምላለሁ። ወደ አንተ ልኬያቸዋለሁ። ያንተን መዝገብ አንተ እወቅበት።"

"ምን አለች?" አልኩት።

"እኔ ፖስታ ነኝ፣ አላነብም።" መሪው ላይ ደገፍ አለና፣ "እዚያ መናኸሪያ በደረስኩ ቁጥር 'ያ ሰውዬ ምን አለ?' ትለኛለች። 'ምንም' እላታለሁ። እሷም 'ምንም ማለትስ ድሮም ያውቅበታል' ትላለች። ጋሼ፣ እኔ ሞተር ነው የማውቀው፤ ግን ይቺ ሴት የምትጠይቀው ስለ ወፍ አይመስለኝም" አለኝ።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። መናኸሪያው ሁሉ የሰማውን እኔ ገና መስማቴ ነው።

መስከረም 24

በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ የመጀመሪያው አስቸኳይ ስብሰባ ተጠራ። የጠራሁት እኔ ነኝ፤ ተከሳሹም እኔ። ቦታ፦ የጥርስ ክሊኒኩ መጠባበቂያ ክፍል። ተገኝተዋል፦ ፕሬዚዳንቱ፣ ሹፌሩ፣ እኔና ጉንጩ ያበጠ አንድ ታካሚ።

ቆሜ ተናገርኩ። "በመስከረም 9 የመዘገብኩት ሐሰት ነው። ወፍ አላየሁም።"

"እኔስ ያየኋት?" አሉ ፕሬዚዳንቱ።

"ሜትር ነው።"

"ምን ያህል ሜትር?"

"የልብስ ሰፊ ሜትር ነው፣ ክቡር ፕሬዚዳንት። ገመድ ላይ የተሰቀለ።"

ሹፌሩ ሳቁን በሳል ለወጠው። ታካሚው ጉንጩን ይዞ፣ "እኔም እኮ አንድ ጊዜ..." ሲል ፕሬዚዳንቱ፣ "አንተ አፍህን ክፈት ስትባል ነው የምትከፍተው!" ብለው ጮኹበት።

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። ድምፃቸው ወረደ። "አንተ ሰው፣ ለምን? ኮማ ሳትለቅ የምትኖር ሰው፣ ለምን?"

ምክንያቱን መናገር ይጠበቅብኝ ነበር። "ዓይኔ ደክሞ ነው" አልኩ። ስናዘዝ እንኳ ዋሸሁ።

ውሳኔ፦ ለአንድ ወቅት ከመዝገብ ታግጃለሁ። ማኅተሙን ተነጥቄያለሁ። ፕሬዚዳንቱ ከጥርስ መንቀያዎቹ ጋር አንድ መሳቢያ ውስጥ ቆለፉበት።

መስከረም 26

ያለ ማኅተም የዋልኩበት ሁለተኛ ቀን። ኪሴ ቀለለኝ። በማን ስም እንደምጽፍ አላውቅም።

መስከረም 28፣ ማለዳ

መጣች።

12፡52። ታንከሩ ሥር፣ ውሃው ከተጠራቀመበት ዳር። በጣም ቀጭን ናት፤ ረጅም መንገድ እንደመጣች ያስታውቃል። ጠጣች። ጭራዋ አላረፈም። ከአሥራ አንዱ አንዷ ትሁን አትሁን መዝገብ አይነግረኝም፤ እኔ ግን ከማን ዘንድ እንደመጣች ዐወቅሁ።

መመዝገብ አልችልም። ልብስ ሰፊዋን ጠራኋት፤ ክር በጥርሷ እንደነከሰች ወጣች።

"ይቺ ናት እንዴ? ለዚች ነው ዓመት ሙሉ አንገትዎ የሚጣመመው?"

"ለዚች ነው።"

ወፏን አየች፣ ባዶውን ወንበር አየች፤ ክሩን ከጥርሷ አወጣችና፣ "ጋሼ፣ እኔ የሰው ልክ ስወስድ ነው የምኖረው። ይህ ጉዳይ የወፍ ልክ አይደለም" አለችኝ።

እሷ ከወረደች በኋላ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀኑን የምነግረው ሰው አጠገቤ አልነበረም። ወንበሩ ነበር። ለወንበሩ ነገርኩት።

ጥቅምት 3

ረቂቅ አንድ፦ ሦስት ገጽ። ስለ ወፍ።

ረቂቅ ሁለት፦ አንድ ገጽ። ስለ ጉልበቷ። ሙቅ ውሃ፣ ከፍ አድርጎ ማስቀመጥ።

ረቂቅ ሦስት፦ "ውድ" ከሚለው በኋላ ምንም የለም።

ጥቅምት 7

ጻፍኩት። ማኅተም ስለሌለኝ እጄ የሚሸሽበት ኪስ አጣ። እንዲህ ይላል፦

"ማኅበሩ ምንም አይልም። ማኅተሙን ተነጥቄያለሁ፣ ምክንያቱም የመስከረም 9ኟ ወፍ አልነበረችም፤ ላንቺ የምጽፍበት ሰበብ ፈልጌ ነው። እውነተኛዋ መስከረም 28 መጥታለች። ለብቻ ሲያዩዋት ግን ግማሿ ብቻ ነው የምትታየው። እኔ ምን እላለሁ? አትፈርሚ እላለሁ። ነይ እላለሁ። በሰኔ ማለት የነበረብኝ ይህንን ነው።"

ኮት ኪሴ ውስጥ ነው። ነገ እልካለሁ።

ጥቅምት 8

አንዲት ሰረዝ ትቀራለች።

ጥቅምት 10

ሹፌሩ፦ "ደብዳቤ አለ?" እኔ፦ "እርማት ላይ ነው።" ሹፌሩ፦ "ስንት ገጽ ነው?" እኔ፦ "ግማሽ።" ሞተሩን አስነሳ።

ጥቅምት 13

ዝናብ። የሪፖርቱ ሁለተኛ ቅጽ። መናኸሪያ አልሄድኩም። ቀኑን ዐውቃለሁ፤ ካርዱን ሁለት ጊዜ አይቼዋለሁ፣ 15 ነው የሚለው። የማተሚያ ስህተት የለበትም።

እምቢ ብትለኝስ? እስከ ዛሬ እምቢ ያላለችኝ ስላልጠየቅኋት ነው።

ጥቅምት 17

ሰጠሁት። ሹፌሩ ፖስታውን ተቀበለ፣ ቀኑን ከስልኩ ላይ አየ፣ ምንም አላለም። እሱ እንኳ ዝም ሲል ጊዜ ነገሩ ገባኝ።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ውሻው እኔ ነኝ። ያውም እየጮኸ ሰረዝ የሚያርም ውሻ።

ጥቅምት 19

ባለጉዳይ አሁንም አለች። በየማለዳው ትመጣለች። እሷም መልስ የምትጠብቅ ይመስላል።

ጥቅምት 22

መልስ። እንደገና የክትባት ካርድ።

"ፈርሜያለሁ። ጥቅምት 15 ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ ሠራተኛው በሩን ሊዘጋ ሲል። እስከዚያ ድረስ ስንት አውቶብስ እንደገባ ቆጥሬያለሁ። ደብዳቤህ በሦስተኛው ቀን ደረሰኝ። አለቀስኩም፣ ሳቅኩም፤ አብራኝ የምትሠራው ልጅ ምጥ የያዘኝ መስሏት ነበር።

የፈረምኩትን አልሽርም። ሰዎቹ ቃሌን ይዘዋል፤ እርጉዞቹም እንደ አንተ ቀጠሮ አያሳልፉም። ሁለት ዓመት ነው።

ግን ስማኝ። እዚህ ሐይቁ ዳር ማለዳ ላይ ለሁለት ሰው የሚበቃ ቦታ አለ። ወፎቹም ካንተ ጣሪያ ቀድመው ነው የሚደርሱት። መቀመጫ ብቻ የለም። ቆሜ ነው የማያቸው፤ ጉልበቴን ታውቀዋለህ።"

ጥቅምት 23

"መቀመጫ ብቻ የለም።"

ጥቅምት 24

"መቀመጫ ብቻ የለም።" በዚህ ዓረፍተ ነገር ላይ የሚታረም ምንም አላገኘሁም።

ጥቅምት 30

ጡረታ ወጣሁ። ማተሚያ ቤቱ አዳራሽ ውስጥ ሸኘኝ። አለቃዬ ደብዳቤ ሰጠኝ፦ "ድርጅቱ እስከ ዛሬ ላበረከቱት አስተዋጽኦ እያመሰገነ መልካም ጉዞ ይመኛል።"

ቃሉን ዐውቀዋለሁ። ከዚሁ የድርጅቱ ቅጽ ላይ ነበር ለእሷ የገለበጥኩት። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሁሉም አጨበጨበ። አለቃዬ፣ "ምን ይላሉ?" አለኝ።

"ማኅተሙ ደምቋል" አልኩ።

በሩ ጋ ስደርስ እግሬ ቆመ። ሰኔ ላይ መናኸሪያው ውስጥ ምን እንዳደረግኩባት ዛሬ ገና በራሴ ላይ አየሁት።

ኅዳር 1

መዝገቡን ለፕሬዚዳንቱ አስረከብኩ። የመስከረም 9ኙ ተሰርዟል፤ በአሥራ ዘጠኝ ዓመት የመጀመሪያው ስርዝ። በምትኩ መስከረም 28፣ ምስክር ልብስ ሰፊዋ።

"ለስንት ጊዜ ነው የምትሄደው?" አሉኝ።

"ወፎቹ ሐይቁ ዳር ሲያርፉ ለእናንተ የሚያሳውቅ ሰው ያስፈልጋል" አልኩ።

"አሁንም ዓይንህ ነው የደከመው?"

"አይደለም" አልኩ። "አዋላጇ ናት።"

ፕሬዚዳንቱ መሳቢያውን ከፍተው ማኅተሙን አወጡና ወደ እኔ ገፉት። እኔም መልሼ ገፋሁት።

ኅዳር 2፣ ማለዳ፣ መናኸሪያ

*እርማት*

በዚህ ደብተር በመስከረም 4 ቀን ሁለተኛውን ወንበር አስመልክቶ "ምክንያት፦ ከባድ ነው" ተብሎ የሰፈረው ስህተት ሆኖ ስለተገኘ "ምክንያት፦ የእሷ ነው" ተብሎ እንዲነበብ እናሳስባለን። ወንበሩ የፕላስቲክ ነው። በአንድ እጅ ይነሳል። አውቶብስ ጣሪያ ላይ ከአቻው ጋር በገመድ መታሰሩን ሹፌሩ አረጋግጧል። "ካለበት ቦታ አይነሳም" የተባለውም ውሳኔ ከዛሬ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ጀምሮ ተሽሯል፤ ተነስቷል።